በቀይ የተከበበችው ማክሰኞ

ፈይሰልን ከባሮ ድልድይ በታች፣ ውሃው ያጋለጠው የዛፍ ሥር ላይ ተይዞ ያገኘችው ኛላም ናት። ጠዋት ጠዋት እዚያ ልብስ ታጥባለች። ቀኑ ማክሰኞ ሰኔ 3 ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና መሙላቱ ነው፣ ሙቀቱ ግን ሸሚዜን አጣብቆት ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ሬሳ ሲገኝ ፖሊስ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የሚደርሰው፤ አንደኛ የሚደርሱት ባጃጆች ናቸው። ሰው ገፍቼ ወደ ዳሩ ወረድኩ።

«ይሄን ሰው ውሃ አልገደለውም» አለችኝ ኛላም በኑዌርኛ።

«በምን አወቅሽ?»

«ባሮ የገደለውን አይቻለሁ። አፉ ይከፈታል፣ ዓይኑም አይከደንም። ይሄ ግን ተኝቷል።»

እኔ ኢንስፔክተር ቱት ነኝ። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ስሠራ እንደዚህች ሴት በአንድ አፍታ መልካም ምርመራ ያደረገልኝ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ምርመራው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ፈይሰል ነው። ጀሪካን፣ ምንጣፍ፣ አጎበር ሁላችንም የምንገዛው ከሱ ሱቅ ነው። በሩ ላይ ባለፍኩ ቁጥር «ማሌ!» ብሎ በኑዌርኛ ሰላም ይለኝና ከዚያ በላይ ስለማያውቅ ራሱ ይስቃል። አሁን ያ ሰው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጭቃ ላይ ተጋድሟል። አዘንኩ፤ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ኤልናታን እጁን እየታጠበ ነገረኝ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ነው።

«ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ግን አልደማም። ከሞተ በኋላ የደረሰበት ነው። አፉና አፍንጫው ላይም አረፋ የለም። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚተነፍስ አይመስለኝም።»

«ሞቶ ነው የተጣለው?»

«እንደዚያ ይመስላል። በምን እንደሞተ ግን አዲስ አበባ ካልተላከ መናገር አልችልም።»

«ሌላስ?»

«ግራ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ነበር። ታሞ ይሆናል። የሁለቱም እግሮቹ አውራ ጣት ላይ ደግሞ ቀጭን የክር ምልክት አለ። የነጠላ ጫማ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል።»

ሁለቱንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እኔ የተወለድኩት ከብት አርቢ መንደር ውስጥ ነው፤ ያደግኩት ደግሞ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን። ጥጥና ክር ምንም አልነገሩኝም።

የፈይሰል ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ሚስቱ ሳሊሃ ለቅሶ ከሚደርሱት ሴቶች መሃል ተነስታ ወደ ሱቁ አስገባችኝ። ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቷል፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም።

«እትዬ ሳሊሃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ወጣ። አልተመለሰም።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ፈይሰልን? ማን ይጠላዋል፣ ወንድሜ?»

ከመደርደሪያው በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከግንቦት 19 ጀምሮ እያንዳንዱ ቀን በእስክሪብቶ ተሰርዟል። የመጨረሻው የተሰረዘው ሰኞ ሰኔ 2 ነው። ማክሰኞ፣ ማለትም ዛሬ፣ በቀይ ተከቧል።

«ይቺ ማክሰኞስ ምንድን ናት?»

«ዕቃ የሚገባበት ቀን ነው» አለች። የቀን መቁጠሪያውን ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ስልኳ ጠራ። ከወዲያ የመጣው ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ። ሳሊሃ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ «ሶብር አድርጊ፣ ቻይው፣ ነጅሚያ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙሽ» አለችና ዘጋችው።

«ልጄ ናት፤ ናይሮቢ ነው ያለችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባት የሌላቸው ሦስት የቲም ልጆች ይዛ አራት ቤት ለቃለች። አከራይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዕቃዋን መንገድ ላይ ታወጣለች። አምና አባቷ በባንክ ብድር ቤት ገዛላት።» እጄን ያዘችኝ። «ያ ቤት ከሄደ ልጄ ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ቀረች። ሌላ የሚበደርላት ሰው የለም። ወንድሜ፣ የምትሠራውን ሥራ እወቅበት።»

ይህን አባባል ያኔ አልወደድኩትም። የባሏ ሬሳ በተገኘ በአራት ሰዓቱ ስለ ቤት የምታወራ ሴት ፖሊስን ታስጠረጥራለች።

የፈይሰል ጎረቤትና የልብ ጓደኛ ሀጂ ሀያቱ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት የጭነት ባጃጁ ቆማለች። በከተማው የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር በርሜል ጭኖ፣ ገና ሳይነጋ ከባሮ ለመስጊዱ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሙስሊም ሲሞትም ሬሳውን የሚያጥበው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያለ አምስት ሳንቲም።

«ሀጂ፣ ዛሬ ሱብሂ ላይ የት ነበሩ?»

«መስጊድ። ሙአዚኑን ጠይቅ።»

«ፈይሰል መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ፈይሰል አልመጣም።»

የመስጊዱ ሽማግሌዎች ሬሳው ዛሬውኑ ካልተቀበረ ብለው ቢሮዬን ሞልተውት ነበር። እንዲጠብቁ ስነግራቸው ያልተቆጣኝ ሰው ቢኖር ሀጂ ሀያቱ ብቻ ነው። «ይቆይ፣ ግዴለም» አለ። ከሁሉም ይልቅ እሱ ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ስላልተቆጣኝ ግን አመሰገንኩት እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም።

ወዲያው አንድ ጥሩ ፍንጭ አገኘሁ፤ ጥሩ መስሎኝ። መሃል ከተማ ባለው ሆቴል የምታስተናግደው ሬቤካ ጠርታ ነገረችኝ። ሬቤካ አኙዋ ናት፣ አማርኛን ስትናገር ቃላት አታባክንም።

«ሁለት ሳምንት በፊት። ፈይሰል እዚህ ተቀመጠ፣ አቶ ተሰማ እዚያ። ወረቀት አለ። ከዚያ ፈይሰል ብዙ ጮኸ።»

«ምን ብሎ?»

«'ገደልከኝ' አለ። 'ተሰማ፣ አንተ ገደልከኝ።' አቶ ተሰማ ዝም። ሻይ አልጠጣም፣ ሄደ።»

ተሰማ ከክልል ቢሮዎቹ አጠገብ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ቤቱ ተዘግቷል። ትናንት ኢታንግ ሄዷል አሉኝ። የሞተው ሰው «ገደልከኝ» ያለው ሰው ከተማውን ለቆ ሲሄድ፣ መርማሪ ምሳውን አይበላም። መኪና አስነስቼ ወደ ኢታንግ ሄድኩ።

ያገኘሁት ማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ የእርዳታ ድርጅት ሰነድ እየተረጎመ ነው። ስለ ፈይሰል ስነግረው መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰኞ ማታ የት እንዳደረ ስጠይቀው የእንግዳ መዝገቡን አስመጣልኝ፤ ፊርማው አለ፣ ዘበኛውም ሌሊቱን ከበሩ እንዳልወጣ መሰከረለት።

«ታዲያ ለምን 'ገደልከኝ' አለዎት?»

«ስለ ናይሮቢው ውል ነው» አለ። «ነጅሚያ ከባሏ ሞት የተከፈላትን ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያ ይዛለች፤ ግን ደመወዝ የሌላትን ሴት ባንክ አያበድርም። ስለዚህ አባትየው በስሙ ተበደረላት። ሃያ ዓመት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ መግለጫ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የተረጎምኩት። አዲስ አበባ ሄዶ አረጋገጠ፣ ተመረመረም፤ ያኔ ጤነኛ ነበር። ወለድ ካለበት አልፈርምም ስላለ፣ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ቀስ በቀስ የሚሸጥለት ዓይነት ውል ተዋዋለ። ከዚያ የሕይወት ኢንሹራንስ አስገቡት። ተበዳሪው ከሞተ ቀሪውን ዕዳ ኢንሹራንሱ ይዘጋል፣ ቤቱ ለነጅሚያ ይሆናል።»

«ጥሩ ነው እንጂ። ምን አጣላችሁ?»

«ሃያ ስድስተኛው ገጽ።»

«ምን ይላል?»

«ውሉ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው፤ እኔ የተረጎምኩለት የሚፈረምባቸውን ዘጠኙን ብቻ ነው። እዚህ ሰው የሚከፍለኝ በገጽ ነው፤ ሁሉም 'የሚፈረመውን ብቻ አውጣልኝ' ነው የሚለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት መጣና 'ስለ ሞት የሚለውን ሁሉ አንብብልኝ' አለኝ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት። በአደጋ ከሞተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፈላል። በበሽታ ከሆነ ግን አንድ ዓመት እስኪሞላው ምንም አይከፈልም።»

«ዓመቱ የሚሞላው መቼ ነው?»

«ሰኞ ሰኔ ሁለት ማብቂያ ላይ። 'ማክሰኞ ከነጋልህ ምንም አትሆንም' አልኩት። ቀኗን ወረቀት ላይ በቀይ ከብቦ ይዟት ሄደ።»

«ታሞ ነበር እንዴ?»

ተሰማ ሰነዱን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። «አልነገረኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም» አለ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር። ከማክሰኞ በፊት በበሽታ ቢሞት ልጁ ቤቷን ታጣለች፤ በአደጋ ቢሞት ግን ቤቱ ይተርፋል። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ፣ ሕመሙንም የሚያውቅ አንድ ሰው፣ በሽታው ከመቅደሙ በፊት ቀድሞት ቢሆንስ? የመጣልኝ የሳሊሃ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነበር። በራሴ አፈርኩ፤ ግን ሐሳቡን አልጣልኩትም።

ዶክተሩ ለአዲስ አበባ የሚላከውን ናሙና ወስዶ ሲጨርስ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ሬሳውን ለቀቅኩ። መስጊዱ ጓሮ ባለው ክፍል ሊያጥቡት ሲዘጋጁ እኔም በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ዕቃውን በትሪ ይዞ ሲያልፍ ዓይኔ ትሪው ላይ ቀረ። ነጭ ጨርቅ፣ ሽታው የሚያውድ ካፉር፣ ጥጥ፣ ክር።

«አባባ፣ ክሩ ለምንድን ነው?»

«የእግሩን አውራ ጣቶች አንድ ላይ ለማሰር ነው፣ እግሩ እንዳይለያይ። ጥጡ ለጆሮና ለአፍንጫ።» ሰውዬው ተከዘ። «ይሄ የሀጂ ሀያቱ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን እጄ አልታዘዝልህ አለኝ ብሎ ውጭ ተቀምጧል። ለስንቱ መንገደኛ ሬሳ የታዘዘ እጅ!»

አዛን የሚጠራውን ሙአዚን ፈለግኩት።

«ማክሰኞ ሱብሂ ላይ ሀጂ ሀያቱ እዚህ ነበሩ?»

«ነበሩ። ግን ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ልብሳቸውም እርጥብ ነበር። ውሃ ሲቀዱ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ውሃ አላመጡም። ባጃጁ ላይ በርሜሉም አልነበረም። በታሸገ ውሃ ነው ውዱእ ያደረግነው።»

ሀጂ ሀያቱ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ጎኑ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማል።

«ሀጂ፣ በእናንተ ሬሳ ስንት ጊዜ ይታጠባል?»

ከእግሩ ሥር አንድ የኒም ቅጠል አነሳ።

«ለፈይሰል ዛሬ ሁለተኛው ነው።»

ትልቁ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እንዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው የለም፤ ምርመራውን ትቼ ልነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አልገደልነውም» አለ በመጨረሻ። «አልጋው ላይ ነው የሞተው። ልቡ ነው። በጥር አዲስ አበባ ሄዶ ሲታይ ብዙ አይቆይም ብለውት ነበር። የምናውቀው ሳሊሃ፣ እኔ እና መርፌ የምትወጋው ሲስተር አልማዜ ብቻ ነን። ባንኩ እንዳይሰማ ብሎ ሱቁ ውስጥ እየሳቀ ይቆማል፣ ማታ ትንፋሹ ያጥረዋል። እነዚያን አሥራ አራት ቀናት እየሰረዘ ነው የኖረው። ሰኞ ማታ ባሰበት። 'ነጋ ወይ?' ይላል። ትንሽ ይቆይና 'ሳሊሃ፣ ነጋ ወይ?' ይላል። ሳይነጋለት አለፈ።»

«ከዚያስ?»

«ሳሊሃ 'ለዚህች ጥቂት ሰዓት ብለው ልጄን ሊያስወጧት ነው?' አለችኝ። ውሃ ዳር ወድቆ እንዲመስል አሰብን። ግን ሳይታጠብ ልጣለው? አልቻልኩም፣ ኢንስፔክተር። አጠብኩት፣ ከፈንኩት፣ ሰገድኩበት። ከዚያ ከፈኑን መልሼ ፈትቼ ልብሱን አለበስኩት። በርሜሉን አውርጄ እሱን ጫንኩ። ባሮ ዳር ሲንሸራተትብኝ ጭንቅላቱ ድንጋይ መታ። ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ከዚያ እጄን እንደ ሳሊሃ ያዘኝ። «እኔን እሰረኝ። ቤቱን ግን አትንካው። 'ወድቆ ሞተ' ብለህ ጻፍ። ሦስት የቲሞች ናቸው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ልጽፍለት ፈልጌ ነበር። ሃያ ዓመት የጻፍኩትን ሁሉ ሳስታውስ ከዚህ ለበለጠ ነገር ውሸት ያስፈለገበት ጊዜ ትዝ አላለኝም። ግን አልማዜን ሳላናግር አልጽፍም ብዬ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

ሲስተር አልማዜ እንዳየችኝ ገባት። መሳቢያዋን ከፍታ ትንሽ ደብተር አወጣች።

«ደውለውልኝ ሄድኩ፣ የምችለውን አደረግኩ። በኋላ ያደረጉትን እኔ አላውቅም ነበር፤ ስሰማ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰዓቱን ግን ጽፌዋለሁ። ልማድ ነው።»

በራሷ እጅ «ፈይሰል፣ የልብ ድካም፣ ሰኞ ሌሊት 7:20» ብላለች።

ቢሮዬ ገብቼ ሪፖርቱን ከፈትኩ። ጉዳዩ ውጭ አገር ስለሚሄድ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሞላት አለበት። ሌሊት 7:20፤ በእነሱ ከሌሊቱ 1:20። ቀን በሚለው ቦታ ላይ «ሰኔ 2» ለማለት «ጁን 9» ብዬ ጀመርኩና እስክሪብቶዬ ቆመ።

እኛ ሰኞ ሌሊት የምንለው እስኪነጋ ሰኞ ነው። ለእነሱ ግን ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፈይሰል ሲሞት ናይሮቢ ባለው ወረቀት ላይ ማክሰኞ ከገባ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆኖታል።

ተሰማ ጋ ደወልኩ።

«አቶ ተሰማ፣ ሃያ ስድስተኛው ገጽ 'ሲነጋ' ነው የሚለው?»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«አይልም» አለ። «እኩለ ሌሊት ነው የሚለው። እስከ ጁን 9 እኩለ ሌሊት።»

«ታዲያ ለምን 'ከነጋልህ' አሉት?»

«እንዲሁ... እኛ እንደምንለው ነው ያልኩት» አለ።

እውነቱን ጻፍኩ። በአልጋው ላይ፣ በልብ ሕመም፣ በጁን 10 ከሌሊቱ 1:20። የአልማዜን ደብተርና የአዲስ አበባውን የሕክምና ካርድ አያይዤበታለሁ። ሀጂ ሀያቱም ሳሊሃም ሬሳ ደብቀው ፖሊስ በማሳሳታቸው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያንንም ጻፍኩ። በበሽታ የሞተ ተበዳሪ ዓመቱ ከሞላው ይከፈልለታል። ቤቱን የሚያድነው ሊደብቁት የደከሙለት እውነት ራሱ ነበር።

ሳሊሃን ሱቁ ውስጥ አገኘኋት። ከሰው ሸሽታ ምንጣፎቹ ላይ ተቀምጣለች። ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ማለት... አልፎት ነበር?»

«በአንድ ሰዓት ከሃያ አልፎት ነበር፣ እትዬ።»

«በከንቱ ነው ውሃ ውስጥ የሰደድኩት?»

ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ሌሊቱን ሙሉ 'ነጋ ወይ?' ሲለኝ ዋሽቼዋለሁ» አለች። «'ሊነጋ ነው፣ ሊነጋ ነው' እላለሁ። እሱ ጨለማውን በመስኮት ያየዋል፣ ግን ያምነኛል። በመጨረሻ ደከመኝ። 'ሳሊሃ፣ እውነቱን ንገሪኝ' አለኝ። 'ገና ነው' አልኩት። ያኔ 'አልደረስኩላትም' አለና እጄን ለቀቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። የቀን መቁጠሪያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ከሰኞ ወዲህ የሰረዘው የለም። ስልኳ ምንጣፉ ላይ መጥራት ጀመረ። አላነሳችውም። ሲደጋገም እኔ አነሳሁት። ነጅሚያ ናት፤ ከኋላዋ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ወረቀቱ ነገ እንደሚላክ፣ ቤቱን ማንም እንደማይወስድባት ነገርኳት።

ልጆቹን ወደ ውጭ ስትልካቸው ሰማሁ።

«አባቴስ?» አለችኝ። «ቤቱ እንደተረፈልን አውቆ ነው የሞተው?»

ሳሊሃ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ቀና አለች።

«አዎ» አልኩ። «አውቆ ነው።»

ሳሊሃ ትክ ብላ አየችኝ። እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችኝ።